የጃፓንኛ ሰዋስው በየትኛው ቅደም ተከተል ይጠና? «ማስ» ይቅደም ወይስ የመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን የጃፓንኛ ፊደላት ጨርሻለሁ። «ዴስ»ን (ነው)፣ እንዲሁም ዋ፣ ኦ፣ ኒ፣ ዴ የሚባሉትን ፓርቲክሎች (ከስም ኋላ የሚገቡ ትንንሽ ቃላት) በመጠኑ አውቃለሁ። ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የያዝኩት መማሪያ «ሚንና ኖ ኒሆንጎ» ነው፤ ግሱን ሁሉ በ«ማስ» (በአክብሮት የግስ መጨረሻ) ይጀምርና የቴ ቅርጽን በ14ኛው ትምህርት፣ የመዝገበ ቃላቱን ቅርጽ በ18ኛው ያመጣዋል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ማስን ተዉት፣ ከመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ ጀምሩ» የሚሉ አሉ። ሌሎች የኤን5ን (የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ) የሰዋስው ዝርዝር አውርደሽ ከላይ ወደ ታች ሂጂ ይላሉ።

ግቤ ቀጥሎ ያለው ደረጃ፣ ኤን4 ነው። ማወቅ የምፈልገው፦ ማስ ወይስ የመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ ይቅደም? ቴ መቼ ይጠና? ባለቤት ላይ የሚገቡት የ«ዋ» እና የ«ጋ» ልዩነት መጀመሪያ ካልገባኝ መቀጠል የለብኝም ወይ? በአማርኛ አፋችንን ለፈታን ሰዎች ከመጽሐፉ ተራ ወደ ፊት ሊመጣ ወይም ወደ ኋላ ሊገፋ የሚገባው ነገር ካለም ንገሩኝ።

ለሁሉም እንዲነበብ ጃፓንኛውን በፊደላችን እንጻፈው። ጠበቅ ብሎ የሚነበበውን ተነባቢ ደግመን (ማትቴ)፣ ረዘም የሚለውን አናባቢም ደግመን (ኮኦሂኢ) ብንጽፍ ይሻላል።

—

ሰዋስው_ወዳጅ፦

እህቴ፣ ቅደም ተከተሉን መጽሐፉም የፈተናው ዝርዝርም አይወስነውም። የሚወስነው የትኛው ቅርጽ ከየትኛው ይወጣል የሚለው ነው። «ታራ» (ከሆነ) የሚወጣው ከ«ታ» (ኃላፊ ጊዜ) ነው፤ «ታ» የሚሠራው ልክ እንደ «ቴ» ነው፤ «ቴ»ን ለመሥራት ደግሞ ግሱ ከየትኛው ምድብ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ሥሩን ዘሎ ቅርንጫፉን የያዘ ሰው እያንዳንዱን አባባል እንደ አዲስ ቃል ይሸመድዳል፤ ኤን4 ላይ ሲደርስ ሸክሙ ይከብደዋል።

ዝርዝሩን በተመለከተ፦ ፈተናው በፈረንጆቹ 2010 ከተሻሻለ ወዲህ አዘጋጆቹ የሰዋስው ዝርዝር አያወጡም። የምናያቸው ዝርዝሮች ሌሎች ሰዎች ከመማሪያዎችና ካለፉ ፈተናዎች ለቅመው ያዘጋጇቸው ናቸው። የቀረሽ ነገር ካለ ለማጣራት ይጠቅማሉ፤ የጥናት ተራ ግን አይሆኑም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ ልምጣ። ግስን በማስ ብቻ ስትይዢ ምድቡ ይጠፋብሻል። «ኦኪማስ» የሚለውን ተመልከቺ። ከ«ኦኪሩ» (ከእንቅልፍ መነሳት) ከሆነ ቴው «ኦኪቴ» ነው፤ ከ«ኦኩ» (ማስቀመጥ) ከሆነ «ኦይቴ» ነው። ከማሱ ብቻ መለየት አይቻልም። የመዝገበ ቃላቱ ቅርጽም ቢሆን ወጥመድ አለው፦ «ካኤሩ» መመለስ ሲሆን «ካኤትቴ»፣ መለወጥ ሲሆን «ካኤቴ» ይሆናል፤ «ኪሩ» መቁረጥ ሲሆን «ኪትቴ»፣ መልበስ ሲሆን «ኪቴ»። ስለዚህ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትጣይ፤ እያንዳንዱን ግስ በሦስት ቅርጽ በአንድ ካርድ ላይ ጻፊው፦ ኖሙ – ኖሚማስ – ኖንዴ። ሦስቱ ካሉሽ የተቀሩት ሁሉ ከእነሱ ይወጣሉ።

ምድቦቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው «ሩ»ን ጥሎ የሚቀጥል ነው (ታቤሩ፣ ታቤማስ፣ ታቤናይ)። ሁለተኛው የመጨረሻ ፊደሉ የሚለዋወጥ ነው፤ ግሶች የሚበዙትም እዚህ ነው። ሦስተኛው ሁለት ግስ ብቻ ነው፦ ሱሩ እና ኩሩ። በ«ኢሩ» ወይም በ«ኤሩ» የማይጨርስ ግስ፣ እነዚህን ሁለቱን ትተሽ፣ ሁልጊዜ ሁለተኛው ምድብ ነው። በ«ኢሩ» ወይም በ«ኤሩ» የሚጨርስ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ነው፤ ከዚህ ያፈነገጡትን ግን በቃል ያዢ፦ ካኤሩ (መመለስ)፣ ሃይሩ (መግባት)፣ ሺሩ (ማወቅ)፣ ሃሺሩ (መሮጥ)፣ ኪሩ (መቁረጥ)፣ ሻቤሩ (ማውራት)፣ ኢሩ (ማስፈለግ)። ለኤን5 ከሞላ ጎደል እነዚህ ይበቃሉ።

ሁለተኛው ምድብ ላይ የእኛ ፊደል ትልቅ ውለታ ይውላል። በላቲን ፊደል የሚማር ሰው አናባቢ ሲቀያይር ይውላል፤ አንቺ የመጨረሻዋን ፊደል ከቤት ወደ ቤት ማዘዋወር ብቻ ነው ያለብሽ። «ኖሙ»ን ውሰጂ፦

ራብዕ፦ ኖማ + ናይ (አይጠጣም)
ሣልስ፦ ኖሚ + ማስ (ይጠጣል፣ በአክብሮት)
ካዕብ፦ ኖሙ (የመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ)
ኃምስ፦ ኖሜ + ባ (ከጠጣ)፣ ኖሜ + ሩ (መጠጣት ይችላል)
ሳብዕ፦ ኖሞ + ኦ (እንጠጣ)

ተደራጊውም አስደራጊውም ራብዕ ላይ ይቀጠላሉ፦ ኖማ + ሬሩ፣ ኖማ + ሴሩ። ልብ በይ፣ በ«ኡ» የሚጨርሱት ራብዕ ላይ «ዋ» ይሆናሉ (ካኡ፣ ካዋናይ)፤ የ«ትሱ» ቤት ደግሞ ድምፁ ታ፣ ቺ፣ ትሱ፣ ቴ፣ ቶ ነው (ማትሱ፣ ማታናይ፣ ማቺማስ)። «አሩ» (አለ) አፍራሹ «አራናይ» አይደለም፣ «ናይ» ብቻ ነው። ይህን ሰንጠረዥ ቀድመሽ ብታውቂው ኤን4 ላይ የሚመጣው የግስ ርባታ ሁሉ አዲስ አይሆንብሽም።

ቴ ግን ከቤቶቹ ውጭ ነው፤ የራሱ የድምፅ ለውጥ አለው። ሁሉንም ፍጻሜ የሚሸፍኑ 14 ግሶች እነዚህ ናቸው፦ ካኡ–ካትቴ፣ ማትሱ–ማትቴ፣ ኖሩ–ኖትቴ፣ ዮሙ–ዮንዴ፣ አሶቡ–አሶንዴ፣ ሺኑ–ሺንዴ፣ ኪኩ–ኪይቴ፣ ኢሶጉ–ኢሶይዴ፣ ሃናሱ–ሃናሽቴ፣ ኢኩ–ኢትቴ (በ«ኩ» ከሚጨርሱት ያፈነገጠ እሱ ብቻ ነው)፣ ታቤሩ–ታቤቴ፣ ሚሩ–ሚቴ፣ ሱሩ–ሽቴ፣ ኩሩ–ኪቴ። እነዚህን እየቀላቀልሽ ሳትቆሚ እስክትያቸው ድረስ ወደ ሌላ ሰዋስው አትለፊ። እዚህ ላይ መቸኮል ኋላ ይከፈልበታል።

አሁን ወደ መጨረሻ ጥያቄሽ። ቴ ማለት የእኛ ቦዝ አንቀጽ ነው። «ቡና ጠጥቼ ሄድኩ» ብለሽ የምታስቢውን «ኮኦሂኢ ኦ ኖንዴ ኢኪማሽታ» ትያለሽ፤ ተራው እንኳን አይዛነፍም። ልዩነቱ የእኛው ጠጥቼ፣ ጠጥተሽ፣ ጠጥቶ እያለ ባለቤቱን ይናገራል፤ የእነሱ አይናገርም። ቴ ላይ የሚንጠለጠሉት ረዳት ግሶችም ያስደንቃሉ፦ «ቀምሰሽ እዪው» ስንል እንደምናየው «ታቤቴ ሚሩ» አለ። «ገዝቼ እመጣለሁ» «ካትቴ ኪማስ» ነው። «ገዝቼ አስቀምጣለሁ» «ካትቴ ኦኪማስ» ነው። መማሪያዎች እነዚህን በብዙ ምዕራፎች በትነው ያመጧቸዋል፤ አንቺ ቴን እንደጨረስሽ በአንድ ሳምንት ጎን ለጎን ብታነሻቸው አይከብዱሽም።

«ቴ ኢሩ»ም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «እያደረገ ነው» ብሎ ይይዘውና «ሺንዴ ኢሩ»ን «እየሞተ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትክክሉ «ሞቷል» ነው። «ተቀምጧል» የሚለው ራሱ «ተቀምጦ» እና «አለ» ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ «ሱዋትቴ ኢሩ» ቁርጥ እሱ ነው። ደንቡ ይህ ነው፦ ግሱ እየቀጠለ የሚሄድ ድርጊት ከሆነ (መብላት፣ ማንበብ) «እየ... ነው»፤ በቅጽበት የሚያልቅ ለውጥ ከሆነ (መሞት፣ ማግባት፣ መቀመጥ፣ መከፈት) «...አል»። «አውቃለሁ» «ሺትቴ ኢማስ» ነው፣ «አላውቅም» ግን «ሺሪማሴን» እንጂ «ሺትቴ ኢማሴን» አይደለም።

ከቴ በኋላ ናይ። ከናይ ጋር «ናኬሬባ ናራናይ» የሚባለው ይመጣል፤ ረጅም ስለሆነ ሰው ይፈራዋል። «ኢካናኬሬባ ናራናይ» ቃል በቃል «ካልሄድኩ አይሆንም» ነው። እኛ በየቀኑ የምንለው ነው፣ አትፍሪው።

ቀጥሎ የስም ገላጭን ወደ ፊት አምጪው። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስትይ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ ጃፓንኛውም «ኪኖኦ ካትታ ሆን» ነው፤ የ«የ» አቻ የለውም፣ ተራ ቅርጹን (ማስ የሌለበትን) ከስሙ ፊት መደቀን ብቻ ነው። መማሪያሽ 22ኛው ትምህርት ላይ የሚያመጣው ተራ ቅርጽ እስኪጠና ጠብቆ ነው። አንቺ «ታ»ን እና «ናይ»ን እንደያዝሽ ግቢበት፤ ንባብ የሚከፈትልሽ በእሱ ነው።

«ዋ»ን እና «ጋ»ን ለመጨረስ አትሞክሪ። ለጊዜው እነዚህን ያዢ፦ የጥያቄ ቃል ባለቤት ሲሆን ሁልጊዜ ጋ (ዳሬ ጋ ኪማሽታ ካ፣ ማን መጣ?)፣ መልሱም በጋ፤ በስም ገላጭ ውስጥ ያለው ባለቤት ዋ አይወስድም (ሃሃ ጋ ትሱኩትታ ርዮኦሪ፣ እናቴ የሠራችው ምግብ)፤ ከሱኪ (መውደድ)፣ ከዋካሩ (መረዳት)፣ ከሆሺኢ (መፈለግ)፣ ከዴኪሩ (መቻል) ጋር ጋ። «አንተስ?» ስንል ያለችው «ስ» ለዋ የቀረበች ናት። ሌላው ከንባብ ይመጣል።

—

የማታ_ክፍል፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ማስን ግን ዝቅ አድርገሽ እንዳታዪው። ለማያውቁት ሰው በተራ ቅርጽ መናገር ትልቅ ሰውን አንተ እንደማለት ነው። ለዚህ ነው መማሪያዎች በማስ የሚጀምሩት። ደግሞ ርባታው ለሁሉም ግስ አንድ ነው፦ ማስ፣ ማሴን፣ ማሽታ፣ ማሴን ዴሽታ። በእነዚህ ብቻ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጨዋ ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻላል።

የምድቡ ችግርም ከማስ ተነስቶ ይፈታል። ከማስ በፊት ያለችው ፊደል ኃምስ ከሆነች (ታቤ፣ ኔ፣ ኦሺኤ) በዚህ ደረጃ ግሱ አንደኛው ምድብ ነው። ሣልስ ከሆነች (ሦስተኛውን ምድብ ትተሽ) ሁለተኛው ነው፣ ከጥቂቶች በቀር፦ ሚማስ (ማየት)፣ ኢማስ (መኖር)፣ ኪማስ (መልበስ)፣ ኦኪማስ (መነሳት)፣ ካሪማስ (መዋስ)፣ ኦሪማስ (መውረድ)፣ አቢማስ (መታጠብ)፣ ዴኪማስ (መቻል)፣ ታሪማስ (መብቃት)። ስለዚህ መጽሐፍሽን አትቀይሪው፤ አዲስ ግስ ሲመጣ ግን 18ኛውን ትምህርት ሳትጠብቂ ከጎኑ የመዝገበ ቃላቱን ቅርጽ ጻፊበት። ሁለት መጽሐፍ በተለያየ ተራ ጎን ለጎን መያዝ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ በሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ።

ሰዋስው_ወዳጅ በፍጥነት ያለፈው አንድ ነገር አለ፣ ቅጽል። ከግስ ቴ በፊት ቅጽልን ጨርሺ። ጃፓንኛ ቅጽል ሁለት ዓይነት ነው። በ«ኢ» የሚጨርሰው ራሱ ይረባል፦ ታካይ (ውድ ነው)፣ ታካኩናይ፣ ታካካትታ፣ ታካኩናካትታ፤ በአክብሮት ሲሆን ከኋላው «ዴስ» ይጨመራል። ሌላው ከስም ጋር ሲገጥም «ና» ይወስዳል፣ ሲረባ እንደ ስም ነው፦ ሺዙካ ና ሄያ (ጸጥ ያለ ክፍል)፣ ሺዙካ ዴሽታ (ጸጥ ያለ ነበር)። የሁሉም ጀማሪ ስህተት «ታካይ ዴሽታ» ነው፤ እኛ «ውድ ነበር» ስለምንል «ነበር»ን ወደ ዴሽታ እንገለብጠዋለን። ትክክሉ «ታካካትታ ዴስ» ነው። «ኪሬይ» (ቆንጆ፣ ንጹሕ) መጨረሻው «ኢ» ቢመስልም የና ወገን ነው፤ «ኪሬኩናይ» የሚባል የለም። «ኢኢ» (ጥሩ) ሲረባ «ዮ» ይሆናል፦ ዮካትታ፣ ዮኩናይ። ናይን ስትማሪ ይህ ሁሉ ይከፍልሻል፤ ናይ ራሱ እንደ ኢ-ቅጽል ነው የሚረባው፦ ኖማናይ፣ ኖማናካትታ።

ሁለተኛው ፓርቲክል ነው። «በ»ን ለብቻው አትተርጉሚው። «ጠዋት በ3 ሰዓት በባቡር ሄድኩ» ውስጥ ሁለት «በ» አለ፤ ጃፓንኛው ግን «ኩጂ ኒ ዴንሻ ዴ ኢኪማሽታ» ነው፤ ሰዓቱ ኒ፣ መሣሪያው ዴ። (ኩጂ 9 ነው። የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ 9 ነውና ቁጥሩንም አትርሺ።) ቦታም ሁለት ነው፦ ያለበት ቦታ ከኢሩና ከአሩ ጋር ኒ፣ ድርጊት የሚፈጸምበት ዴ። «ቤት ውስጥ አለ» ኢኤ ኒ ኢማስ፤ «ቤት ውስጥ በላሁ» ኢኤ ዴ ታቤማሽታ። ኢሩ ለሰውና ለእንስሳ፣ አሩ ለግዑዝ ነው።

«ኦ» ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳተው «ን» እያሰበ ነው። አማርኛ «መጽሐፍ ገዛሁ» ሲል «ን» የለም፣ «መጽሐፉን ገዛሁ» ሲል አለ። ጃፓንኛ ይህን አይለይም፤ በሁለቱም «ሆን ኦ ካይማሽታ» ነው። ፈተና ላይ ኦን አትጣዪ።

ከተራ ቅርጽ ጋር ደግሞ «ቶ ኦሞኡ»ን አጥኚ። «ይመጣል ብዬ አስባለሁ» «ኩሩ ቶ ኦሞይማስ» ነው፤ የ«ብዬ»ን ቦታ ቶ ይዛለች። ከቶ በፊት ማስ አይገባም። «ኪማስ ቶ ኦሞይማስ» የሚል ሰው ተራ ቅርጽን አዘግይቶ እንደተማረ ወዲያው ያስታውቃል።

—

ጀማሪዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገባኝ፦ ዴስና ቅጽል፣ ከዚያ ግስ ከነምድቡ በማስና በመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ አንድ ላይ፣ ቴና ታ፣ ናይ፣ ስም ገላጭ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የደፈረሰብኝ። «ከሆነ» ለማለት አራት ዓይነት (ቶ፣ ባ፣ ታራ፣ ናራ) አለ ይባላል። መስጠትና መቀበልም ሦስት ግስ አላቸው። ተደራጊና የአክብሮት ግሶች የት ይግቡ?

—

ተርጓሚው፦

ተራውን ልክ ይዘሽዋል። ከስም ገላጭ በኋላ በቀጥታ መስጠትና መቀበልን አድርጊ፣ ከሁኔታ አባባሎች በፊት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የአማርኛ ግስ ማን ለማን እንዳደረገ በራሱ ውስጥ ይዟል፤ «ገዛልኝ» አንድ ቃል ነው። የጃፓንኛ ግስ ባለቤትም ተሳቢም አይናገርም፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አይጠራም። ታዲያ ሰሚው አቅጣጫውን በምን ያውቃል? በኩሬሩ፣ በአጌሩና በሞራኡ ነው። እነዚህን የማያውቅ አንባቢ ገጹን ሙሉ እያንዳንዱን ቃል እየተረዳ ማን ለማን እንዳደረገው ይጠፋበታል።

«ቶሞዳቺ ጋ ሆን ኦ ካትታ» ካልሽ ጓደኛሽ መጽሐፍ ገዛ፣ በቃ። «ካትቴ ኩሬታ» ካልሽ «ገዛልኝ» ነው። ኩሬሩ ወደ እኔ ወይም ወደ ወገኔ የሚመጣ፣ አጌሩ ከእኔ ወደ ሌላ የሚሄድ ነው። ሞራኡ ላይ ባለቤቱ ተቀባዩ ነው፤ ሰጪው ኒ ይወስዳል፦ «ቶሞዳቺ ኒ ካትቴ ሞራትታ»። «ለት»ን ግን ሁልጊዜ ወደ «ቴ አጌሩ» አትገልብጪ። ለበላይሽ «ሞትቴ አጌማስ» ብትይ ውለታ እየቆጠርሽ ይመስላል፤ ዕቃ ልያዝልዎ ለማለት «ሞቺማሾኦ ካ» በቂ ነው።

ከአራቱ የሁኔታ አባባሎች መጀመሪያ ታራ። ከታ ላይ «ራ» መጨመር ብቻ ነው፣ አጠቃቀሙም ከሁሉ ሰፊ ነው። የእኛን «ከ»ንም «ስ...»ንም ይሸፍናል፦ «አሜ ጋ ፉትታራ ኢኪማሴን» (ከዘነበ አልሄድም)፣ «ኤኪ ኒ ትሱይታራ ዴንዋ ሽቴ ኩዳሳይ» (ጣቢያ ስትደርሺ ደውይልኝ)። ቀጥሎ ናራ፣ እሱ «የምትሄጂ ከሆነ» ያለው ነው፦ «ኪዮኦቶ ኒ ኢኩ ናራ፣ ሺንካንሴን ጋ ኢኢ ዴስ» (ኪዮቶ የምትሄጂ ከሆነ ሺንካንሴን፣ ፈጣኑ ባቡር፣ ይሻላል)። እዚህ ታራ ብታስገቢ «ኪዮቶ ከደረስሽ በኋላ» ይሆንና ምክሩ ትርጉም ያጣል። ከዚያ ቶ፦ አንዱ ሲሆን ሌላው ሁልጊዜ የሚከተልበት ነው፣ «ኮኖ ቦታን ኦ ኦሱ ቶ፣ ዶአ ጋ አኪማስ» (ይህን ቁልፍ ሲጫኑት በሩ ይከፈታል)። ከቶ በኋላ ትእዛዝ፣ ልመናም ሆነ «እፈልጋለሁ» አይመጣም፤ ፈተናው ደጋግሞ የሚይዝሽ እዚህ ላይ ነው። ባ የመጨረሻው ይሁን፤ ኃምስ ላይ ስለሚቀጠል ቅርጹ ቀላል ነው፣ ግን በኋለኛው ክፍል ትእዛዝና ልመና የሚፈቅደው በተወሰነ ሁኔታ ብቻ ነው። አራቱን በአንድ ቀን በአንድ ሰንጠረዥ ማጥናት ማንንም ሲጠቅም አላየሁም፤ አንዱ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። በመካከላቸው ሌላ ነገር አጥኚ፣ ለምሳሌ የመቻልን ቅርጽና «እንሂድ»ን።

ከተደራጊ በፊት ደግሞ የግስ ጥንዶች መቅደም አለባቸው፤ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ የግድ ነው። አማርኛ በ«ተ» ሁለቱንም ይሠራል፦ «በሩ ተከፈተ» በራሱ ይሁን በሰው አይለይም። ጃፓንኛ ለየብቻ ግስ አለው፦ አኩ (በራሱ ተከፈተ)፣ አኬሩ (ከፈተ)፤ ሺማሩ፣ ሺሜሩ (ተዘጋ፣ ዘጋ)፤ ትሱኩ፣ ትሱኬሩ (በራ፣ አበራ)፤ ኪኤሩ፣ ኬሱ (ጠፋ፣ አጠፋ)። ተደራጊን ቀድሞ የተማረ የእኛ ሰው «ዶአ ጋ አኬራሬማሽታ» ይላል፤ የሚፈለገው «አኪማሽታ» ነው። ለጥንዶቹ አንድ ወጥ ደንብ የለም፤ ሁለቱን በአንድ ካርድ መያዝ ነው። ከእነሱ ጋር «አይቴ ኢሩ» (ተከፍቷል፣ ክፍት ነው) እና «አኬቴ አሩ» (ሰው ሆን ብሎ ከፍቶ ትቶታል) ይከተላሉ።

ተደራጊው ላይ ስትደርሺ ሌሎች ተማሪዎች የሚጨነቁበት ክፍል ለአንቺ ቀላሉ ይሆናል። «ዘነበብኝ» ስንል ያለችው «ብኝ» እዚያም አለች፦ «አሜ ኒ ፉራሬታ»። «ልጁ አለቀሰብኝ» «ኮዶሞ ኒ ናካሬታ» ነው። ተሳቢ የሌለው ግስ ተደራጊ መሆኑ እንዳይገርምሽ፤ «ብኝ»ን አስቢ። «ቦርሳ ተሰረቀብኝ» ስትይም ቦርሳው ኦ ይይዛል፦ «ሳይፉ ኦ ኑሱማሬማሽታ»። የተጎዳው ሰው ነው ባለቤቱ፣ ቦርሳው አይደለም።

አስደራጊ ከተደራጊ በኋላ፣ የሁለቱ ድምር (ኖማሴራሬሩ፣ ተገድዶ ጠጣ) ከአስደራጊ በኋላ። የአክብሮት ግሶች የመጨረሻ ናቸው። እርስዎ ማለት የለመደ ሰው አክባሪውን ግስ (ኢራሽሻሩ፣ ሜሺአጋሩ) አይቸገርበትም፤ የሚቸገረው ራስን ዝቅ የሚያደርገው (ማይሩ፣ ኢታዳኩ) ላይ ነው፣ በእኛ ግስ ውስጥ የለምና። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቂ፦ ስለ መሥሪያ ቤትሽ አለቃ ለውጭ ሰው ስትናገሪ አለቃውን አታከብሪም፣ ዝቅ ታደርጊያለሽ፤ ወገን ነውና። እኛ «አለቃዬ ይመጣሉ» የምንለውን እነሱ «ማይሪማስ» ይሉታል።

—

ሰዋስው_ወዳጅ፦

ተርጓሚው ስለ ጥንዶቹ ያለው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ከተደራጊ በፊት አስገባዋለሁ። ከዚህ ጋር ስለ «ታይ» ላክልበት፤ ማስ ላይ በቀላሉ ስለሚመጣ ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል። «ኢኪታይ» መሄድ እፈልጋለሁ ነው፤ ለሦስተኛ ሰው እንዲሁ አይባልም። «ካሬ ዋ ኢኪታይ ዴስ» ከማለት «ኢኪታይ ቶ ኢትቴ ኢማስ» (መሄድ እፈልጋለሁ እያለ ነው) ወይም «ኢኪታጋትቴ ኢማስ» በይ። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን በእርግጠኝነት መናገር በጃፓንኛ አይቻልም፤ «ሳቢሺኢ» (ብቸኝነት)፣ «ኡሬሺኢ» (ደስታ) የመሳሰሉት የስሜት ቅጽሎችም እንደዚያው ናቸው።

ስለ ፈተናው፦ በዓመት ሁለቴ፣ በጁላይና በዲሴምበር ነው፤ በእኛ ወደ ሰኔ መጨረሻና ወደ ኅዳር መጨረሻ ይውላል። አንዳንድ አገር አንዱን ብቻ ስለሚሰጥ ያለሽበትን ቦታ አጣሪ። ኤን4 ለማለፍ ከ180 ቢያንስ 90 ያስፈልጋል፤ ግን ቃላት፣ ሰዋስውና ንባብ በአንድ ላይ ከ120 ቢያንስ 38፣ ማዳመጥ ከ60 ቢያንስ 19 መሆን አለበት። በአንዱ ከወለሉ በታች ከወረድሽ ድምሩ ቢያልፍም ትወድቂያለሽ። ሰዋስው ብቻ እያጠኑ ማዳመጥን መርሳት በዚህ ይቀጣል። ጠበቅ የሚለውን (ኪቴ እና ኪትቴ) የእኛ ጆሮ ይለየዋል፣ «አለ» ብለን ስንናገር ላልቶና ጠብቆ የሚለየንን ይመስላል፤ ረጅም አናባቢ ግን አማርኛ ስለማይለይ ኦባሳን (አክስት) እና ኦባኣሳን (አያት) ይምታታሉ። «ኢኮኦ»ን (እንሂድ) አሳጥሮ መስማትም የዚሁ ችግር ነው።

ሰዋስው ክፍሉ ውስጥ አራት የተበታተኑ ቁራጮችን አሰልፎ ኮከብ ያለበት ቦታ ላይ የሚወድቀውን መምረጥ የሚባል ጥያቄ አለ። የቃላት ተራችን ስለሚመሳሰል ለእኛ ነጥብ ማግኛ ነው። አሠራሩ፦ መጀመሪያ ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጪ፤ ቀጥሎ ተራ ቅርጽ ያለው ቁራጭ ካለ ከኋላው ስም ፈልጊለት፣ ስም ገላጭ ነውና፤ ከዚያ በፓርቲክል የሚጀምር ቁራጭ ካለ ከስም ጋር አጣብቂው። የተረፈው ቦታውን ራሱ ያገኛል። ወረቀቱ ላይ አራቱንም ቁጥር በተራ ጻፊና ኮከቡ የትኛው ላይ እንደወደቀ ቁጠሪ፤ ብዙ ሰው ዐረፍተ ነገሩን በትክክል ሠርቶ የመጀመሪያውን ቁጥር ያጠቁራል።